«ሰምበዲ» ወይስ «ሰምዋን»? ከከዚራ ለጻፍሽልኝ እህቴ

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። ድሬዳዋ ከዚራ አካባቢ ባለ አንድ የትራንዚት ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው። ከጅቡቲ ወኪሎች ጋር በእንግሊዝኛ የምጻጻፈው እኔ ነኝ። ባለፈው ከቢሯቸው አንድ ሰው ደውሎልን ስለነበር ‹ሰምበዲ ፍሮም ዩር ኦፊስ ኮልድ አስ› ብዬ ጻፍኩላቸው። አለቃዬ ከኋላዬ ቆመው ስክሪኑን አዩና፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ‹ሰምበዲ የመንገድ ቋንቋ ነው። ቢሮ ውስጥ ሰምዋን ነው የሚባለው› አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሁለት መስመር ለመጻፍ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኛል። አንዱን ጽፌ አጠፋለሁ፣ ሌላውን ጽፌ አጠፋለሁ። ሰምዋን፣ ኤኒዋን፣ ኤቭሪበዲ፣ ኖበዲ፣ ሁሉም ተደበላለቁብኝ። አብራኝ የምትሠራ ልጅ ደግሞ ለአንድ ሰው ‹ዘይ› (እነሱ) ማለት ስህተት ነው ትላለች። ‹ሚ› እና ‹ማይሰልፍ›ንም መለየት አቅቶኛል። እባክዎ ያስረዱኝ። አለቃዬንስ ዝም ልበላቸው ወይስ ልንገራቸው?»

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ይሄን ያዢልኝ። የጻፍሽው ልክ ነው። «ሰምበዲ» የመንገድ ቋንቋ አይደለም። የትኛውም ደህና መዝገበ ቃላት ውስጥ አለ፣ የተማረውም ያልተማረውም ይለዋል፣ ጋዜጣም ይጽፈዋል። «ሰምዋን»ም ልክ ነው። በትርጉም ሁለቱ አንድ ናቸው። የጅቡቲው ወኪል ኢሜይልሽን ሲያነብ «አንድ ሰው ደውሎ ነበር» የሚለውን ተረዳ፣ ማን እንደደወለ ጠየቀ፣ አለቀ።

አለቃሽ ግን ነገሩን ከሜዳ አላመጡትም። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ሲያወሩ «በዲ» ያለበትን ያዘወትራሉ፤ አሜሪካኖች ደግሞ ይብሳሉ። ሲጽፉ «ዋን» ያለበት ይበዛል። ስለዚህ «ሰምዋን» ጆሮ ላይ ትንሽ ለወግ የቀረበ ሆኖ ይሰማል። ይሄ የልማድ ጉዳይ ነው። ሰዋስው አይደለም። ሁለቱም ቃላት ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ያሉ ናቸው፤ «በዲ» የሚለውም ያኔ ገላን ብቻ ሳይሆን ራሱን ሰውየውን ማለት ነበር። አንዱ ጨዋ፣ ሌላው ዱርዬ ሆኖ የተወለደበት ጊዜ የለም። እኔ ብሆን ለባንክ ወይም ለመሥሪያ ቤት በሚሄድ ደብዳቤ ላይ «ሰምዋን» እጽፋለሁ፤ በየቀኑ ከምጻጻፈው ወኪል ጋር ግን የመጣልኝን እጽፋለሁ። ይህ ምርጫ ግማሽ ሰዓት አይገባውም። ግማሽ ደቂቃም አይገባውም።

ደብዳቤሽን ሳነብ ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው። አለቃሽ ዓይንሽን የቃሉ ጅራት ላይ ተከሉት። ሥራ የሚሠራው ግን የቃሉ ፊት ነው። «ሰም»፣ «ኤኒ»፣ «ኤቭሪ»፣ «ኖ»። ትርጉሙን የሚሸከሙት እነዚህ ናቸው። ኋላ ላይ «ዋን» ሆነ «በዲ» ምንም አይለወጥም፤ ፊት ላይ ከተሳሳትሽ ግን መልእክትሽ ሊገለበጥ ይችላል። ስለዚህ አሁን አብረን የምናየው የፊቱን ነው።

ከ«ማንም» እንጀምር፤ አማርኛ ተናጋሪን በጣም የሚጥለው እሱ ነውና።

አማርኛ «ማንም አልመጣም» ይላል። አሉታው ግሱ ላይ ነው፤ «አል» ከፊት፣ «ም» ከኋላ። «ማንም» ብቻውን አሉታ አይደለም። «ማንም ይችላል» ስትዪ አዎንታ ነውና። አንቺ የድሬ ልጅ ስለሆንሽ ደግሞ ይሄ አመል በአማርኛ ብቻ አልመጣብሽም። ቀፊራ ገበያ ጠዋት ብትቆሚ፣ ቲማቲም የምትሸጥ ሴት ለአንዱ በኦሮምኛ ዋጋ ትነግራለች፣ ለቀጣዩ በሶማልኛ ትመልሳለች፣ ለሦስተኛው በአማርኛ «ጨምር እንጂ አቦ!» ትላለች። እጇ ግን ቲማቲሙን መምረጥ አያቆምም። በሦስቱም ቋንቋዎች «ማንም አልመጣም» ማለት ከፈለገች አሉታውን ከግሱ ጋር ታስረዋለች። በኦሮምኛም በሶማልኛም እንደዚያው ነው። የድሬ ልጅ ሦስቱን ቋንቋ በአንድ ትንፋሽ ሲቀያይር የማይደናቀፈው፣ በዚህ ነገር ላይ ሦስቱ ስለሚስማሙ ጭምር ይመስለኛል።

እንግሊዝኛ ግን አይስማማም። እንግሊዝኛ አሉታን አንዴ ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ቦታውንም ይመርጣል። «ከጉምሩክ ማንም አልመጣም» ለማለት ብዙ ሰው «ኤኒበዲ ዲድንት ካም ፍሮም ከስተምስ» ይላል። ቃል በቃል «ማንም» እና «አልመጣም» ስለሆነ ልክ ይመስላል። ግን አይባልም። «ኤኒበዲ» አሉታ ከፊቱ ቀድሞ እንዲመጣለት ይፈልጋል፤ ራሱ ዓረፍተ ነገሩን ከፍቶ አሉታውን ወደ ኋላ ማስከተል አይችልም። ትክክሉ «ኖበዲ ኬም ፍሮም ከስተምስ» ነው። አሉታው «ኖ» ውስጥ ገብቷል። ግሱ እንደ አዎንታ ይቀራል፤ ልክ «መጣ» እንደማለት።

ይሄ ጆሮ ላይ ይከብዳል፤ አውቃለሁ። «ማንም መጣ» ያልሽ ይመስልሻል። ለዚህ ነው ብዙዎቻችን ለማጠናከር ብለን «ኖበዲ ዲድንት ካም» የምንለው። ይህኛው ከሁሉ የከፋው ነው። በመደበኛው እንግሊዝኛ ሁለቱ አሉታዎች ይጣፋሉ። «ያልመጣ ሰው የለም»፣ ማለትም ሁሉም መጣ ይሆናል። ዘፈን ላይና በአንዳንድ አካባቢዎች ንግግር ሁለት አሉታ ተደርቦ ትሰሚ ይሆናል፤ እዚያ ለማጥበቅ ነው የሚጠቀሙበት። የጭነት ደብዳቤ ላይ ግን አይገባም።

አሁን ደግሞ «ማንንም አላየሁም» የሚለውን እዪ። እዚህ ላይ ሰውየው አድራጊ አይደለም። «በሩ ላይ ማንንም አላየሁም» ስትዪ «አይ ዲድንት ሲ ኤኒበዲ አት ዘ ጌት» ነው። «ዲድንት» ቀደመ፣ «ኤኒበዲ» ተከተለ፤ ስለዚህ ልክ ነው። ባጭሩ፣ እንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር በ«ማንም» የሚጀምር ከሆነ «ኖበዲ» በዪና ግሱን ተይው። ግሱ አስቀድሞ አሉታ ከያዘ «ኤኒበዲ» አስከትዪ። እንዲህ ባለ ዓረፍተ ነገር «ኖበዲ» በሚልበት «ኖ ዋን»ም ይሆናል። አጻጻፉን ብቻ አስተውዪ፤ «ኖበዲ» አንድ ቃል ሆኖ ይጻፋል፣ «ኖ ዋን» ግን ሁለት። ኮምፒውተርሽ ሲያገጣጥሙት በቀይ የሚያሰምርብሽ ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ የትራንዚት ሥራ ላይ በየቀኑ የሚያጋጥም ነው። «ከሾፌሮቹ ማንም አልመጣም» ለማለት «ኖበዲ ኦፍ ዘ ድራይቨርስ» አይባልም። «ከእነዚህ መካከል» የሚለው ሲመጣ ቃሉ «ነን» ይሆናል፤ «ነን ኦፍ ዘ ድራይቨርስ ኬም»። ለኮንቴይነርም፣ ለዲክላራሲዮንም፣ ለሰውም ያገለግላል። «ኖበዲ» ለሰው ብቻ ነው።

ወደ «ሰም» እና «ኤኒ» እንሂድ። ጥያቄ ላይ ሲሆኑ ሰው «ኤኒ ለጥያቄ ነው» ብሎ ተምሮ ይወጣል። በግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሕግ አድርገው ያስተምሩታል። ግማሹ እውነት ነው። ምሳ በልተሽ ቢሮ ስትመለሺ «ዲድ ኤኒበዲ ኮል?» ብትዪ የደወለ ይኑር አይኑር አታውቂም፤ ክፍት ጥያቄ ነው። «ዲድ ሰምበዲ ኮል?» ካልሽ ግን ደዋይ እንዳለ ጠርጥረሻል። ስልኩ ሲጠራ ከደረጃው ሰምተሻል፣ ወይም የምትጠብቂው ሰው አለ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የተለየው የአንቺ ግምት ነው። እንግዳ ስትጋብዢም «ሰም» ይሻላል። «ዉድ ዩ ላይክ ሰምቲንግ ቱ ድሪንክ?» ስትዪ እንግዳው አዎ እንዲልሽ ትፈልጊያለሽ፤ የሚጠጣ አለ፣ በል እንጂ እንደማለት ነው። «ኤኒቲንግ» ብትዪም ነውር የለውም፤ ግን ግብዣው ትንሽ ይቀዘቅዛል። በድሬ ሙቀት ለመጣ እንግዳ «ሰምቲንግ» በዪ።

«ኤኒ» አዎንታም ላይ ይመጣል። «ኤኒበዲ ካን ካም» ማለት «ማንም ሰው መምጣት ይችላል» ነው። ይሄኛው ከአማርኛው «ማንም» ጋር ፍጹም ይገጥማል፤ ስለዚህ አያስቸግርሽም። «ሰምበዲ ካን ካም» ካልሽ ግን «አንድ የሚመጣ ሰው አለ» ይሆናል። ስብሰባ ስትጠሪ ይሄን ብታቀያይሪ በሩ ላይ የሚሰለፈው ሰው ብዛት ይለያያል።

«ኤቭሪበዲ» ላይ አማርኛችን ሌላ ወጥመድ ያስቀምጣል። እኛ «ሁሉም መጡ» እንላለን፣ በብዙ ቁጥር። እንግሊዝኛ ግን «ኤቭሪበዲ»ን እንደ አንድ ሰው ነው የሚቆጥረው። «ኤቭሪበዲ ኢዝ ሂር» ነው እንጂ «አር ሂር» አይባልም። «ኤቭሪዋን»ም እንደዚያው። አሥር ሰው ቢኖርም ሺህ ሰው ቢኖርም ግሱ ነጠላ ነው። እያንዳንዱን በየተራ በጣቱ እየነካ የሚቆጥር ሰው አስቢ፤ ቃሉ የሚያየው እንደዚያ ነው።

እግረ መንገዴን፣ «ሁሉም አልመጡም» የሚለውን ኢሜይል ላይ ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ አትመልሺው። በአማርኛም አሻሚ ነው። አንድም ሰው አልመጣም ማለት ነው ወይስ የቀሩ አሉ? የቀሩ ካሉ «ኖት ኤቭሪበዲ ኬም» በዪ። አንድም ካልመጣ «ኖበዲ ኬም»። ሦስት ሾፌር ቀርቶ አምስት መጥቶ ከሆነ ደግሞ ቁጥሩን ጻፊ፤ ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው።

«ዋን» እና «በዲ» በእርግጥ የሚለያዩባቸው ጥቂት ቦታዎች አሉ። አለቃሽም ቢያውቋቸው ይጠቅማቸዋል። «ከኮንቴይነሮቹ እያንዳንዱ ተፈትሿል» ስትዪ «ኤቭሪ ዋን ኦፍ ዘ ኮንቴይነርስ ዎዝ ቼክድ» ነው። እዚህ ላይ «ኤቭሪ» እና «ዋን» ተነጣጥለው ነው የሚጻፉት፤ «በዲ» ጨርሶ አይገባም። «ከመካከላቸው የትኛውም አንድ» ስትዪም «ኤኒ ዋን ኦፍ» ተለያይቶ ይጻፋል። በተቃራኒው «በዲ» ብቻ የሚገባበትም አለ። እንግሊዝኛ ተናጋሪ «ሂ ኢዝ ኤ ኖበዲ» ካለ ሰውየውን ከሰው አልቆጠረውም፤ ስድብ ነው። እዚህ «ኖ ዋን» ተክተሽ ብትዪ ትርጉም አይሰጥም። ስለዚህ በወሬ መሀል ከ«ኖበዲ» ፊት «ኤ» ከሰማሽ ስለቀረ ሰው እየተወራ እንዳይመስልሽ።

አሁን ጓደኛሽ ስላነሳችው «ዘይ»።

ይሄን ለብቻው ላውራው፤ በጣም የምወደው ነገር ነው። «የሚደውል ሰው ካለ ወጥታለች በሉት» ለማለት «ኢፍ ኤኒበዲ ኮልስ፣ ቴል ዜም አይ አም አውት» ይባላል። ደዋዩ አንድ ሰው ነው። ወንድ ይሁን ሴት አናውቅም። «ቴል ሂም» ካልን ወንድ አደረግነው። «ቴል ሂም ኦር ኸር» ካልን ልክ ነው፤ ግን ሦስቴ ከደጋገምነው አንባቢው ይደክመዋል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ለዚህ «ዘይ»ን መጠቀም የጀመሩት በ14ኛው ክፍለ ዘመን ነው። አዲስ ፋሽን አይደለም። በኋላ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ ሰዋስው የሚጽፉ ሰዎች መጡና «ኤቭሪበዲ ነጠላ ነው፣ ዘይ ብዙ ነው፤ ስለዚህ ሂ በሉ» አሉ። የእንግሊዝ ፓርላማ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1850 ባወጣው ሕግ፣ በሕግ ጽሑፍ ውስጥ በወንድ ፆታ የተጻፈ ቃል ሴትንም ይጨምራል ብሎ ደነገገ። ሕዝቡ ግን ዘይ ማለቱን አልተወም። ዛሬ የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው የአጻጻፍ መመሪያው ሰባተኛ እትም ለአንድ ሰው «ዘይ» ማለትን ደግፏል። ሜሪያም ዌብስተር የተባለው መዝገበ ቃላትም በዚያው ዓመት «ዘይ»ን የዓመቱ ቃል አድርጎ መርጦታል።

ጓደኛሽን አሁንም ካልዋጠላት የራስሽን ደብዳቤ አሳያት። አለቃሽ አንድ ሰው ናቸው። አንቺ ግን «ቆመው»፣ «አዩና»፣ «አሉኝ» ብለሽ ነው የጻፍሽልኝ። «አሉ» ለብዙ ሰው የምንለው ግስ ነው። ለአንድ ሰው በብዙ ቁጥር ስታወሪ ማንም አልተደናገረም፤ እኔም ስንት አለቃ አላት ብዬ አልጠየቅኩም። እኛ በአክብሮት ምክንያት የምናደርገውን እንግሊዝኛ ሰውየው ባልታወቀ ጊዜ ያደርገዋል። ምክንያቱ ይለያያል፤ አእምሯችን ግን ነገሩን አስቀድሞ ለምዶታል። አማርኛ ተናጋሪ «ዘይ»ን ለመቀበል ከማንም በላይ ሊቀለው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

አንድ ማሳሰቢያ ብቻ። «ዘይ» ለአንድ ሰውም ቢሆን ግሱ «አር» ነው፣ «ኢዝ» አይሆንም። «እሳቸው መጡ» እንደምንለው፤ «እሳቸው መጣ» አይባልም አይደል?

ስለ «ሚ» እና «ማይሰልፍ»። ቢሮ ውስጥ ሰው «ሰነዶቹን ለአለቃዬና ለእኔ ላኩ» ለማለት «ሴንድ ዘ ዶክመንትስ ቱ ማይ ማኔጀር ኤንድ ማይሰልፍ» ሲል እሰማለሁ። ይበልጥ የተከበረ ስለሚመስል ነው። ሌላው ደግሞ «ኤንድ አይ» ይላል፤ ልጅ ሳለ «ሚ አትበል» ተብሎ ተገርፎበት። ፈተናው ቀላል ነው። ማኔጀሩን አውጫቸውና ለብቻሽ ቅሪ። «ሴንድ ዘ ዶክመንትስ ቱ ሚ» ነው የምትዪው። «ቱ አይ» ትያለሽ? አትዪም። «ቱ ማይሰልፍ»ስ? አትዪም። እንግዲህ ማኔጀሩ ተመልሰው ሲገቡ «ሚ» እንዳለ ይቆያል፤ «ቱ ማይ ማኔጀር ኤንድ ሚ»። «ማይሰልፍ» «ራሴ» ለማለት ሲሆን ነው ቦታው። ዝርዝሩን ሌላ ሰው ሳይሆን አንቺው አይተሽው ከሆነ «አይ ቼክድ ዘ ሊስት ማይሰልፍ»። አማርኛው «ራሴ» የሚል ከሆነ ጻፊው፤ «ለእኔ» የሚል ከሆነ «ሚ» በቂ ነው።

ሳትጠይቂኝ አንድ ልጨምር፤ ቀጥሎ እሱን ያነሱብሻል ብዬ ስለምሰጋ ነው። «ኢች አዘር» ለሁለት ሰው፣ «ዋን አናዘር» ከሁለት በላይ ለሆኑ ነው የሚል ሰው ይመጣል። ሕጉን መጻሕፍት ውስጥ ታገኚዋለሽ፤ ጥሩ ጸሐፊዎች ግን አክብረውት አያውቁም። ሁለቱም «እርስ በርስ» ናቸው። የቀለለሽን ጻፊና እለፊ። «ሁም» (ማንን፣ ለማን) የሚለውን ደግሞ ደብዳቤ ራስጌ ላይ «ቱ ሁም ኢት ሜይ ኮንሰርን»፣ ማለትም «ለሚመለከተው ሁሉ» ስትዪ ተጠቀሚበት፤ በወሬ ላይ «ሁ» ብትዪ ማንም አይታዘብሽም።

እንግዲህ አለቃሽ።

እህቴ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ መታረም ያማል። ልክ ሆነሽ ሳለ ስትታረሚ ደግሞ የባሰ ያማል። በዚህ ጉዳይ ከአንቺ ጋር ነኝ። በሁለተኛ ወይም በአራተኛ ቋንቋው የሚሠራ ሰው ድፍረቱ ከተነካ የሚያውቀውንም ይረሳል። ቃላቱ ሁሉ ተደበላለቁብኝ ያልሽው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። ያኔ የጠፋብሽ እውቀት የለም፤ የተነካው ድፍረትሽ ነው። አለቃሽም ይሄን ለማድረግ አስበው አይመስለኝም። ቢሯቸው በጅቡቲ ሰዎች ፊት እንዲከበር ፈልገዋል። የሚገባ ፍላጎት ነው።

ስለዚህ ዝም አትበዪ፤ ግን ሰው ፊትም አትመልሺላቸው። እንዳዋረዱሽ ልታዋርጃቸው ከሞከርሽ ነገሩ ከቋንቋ ይወጣል። ጠዋት፣ ሥራ ሳይጦፍ፣ ብቻቸውን ሲሆኑ ግቢ። መዝገበ ቃላት ተሸክመሽ አትግቢ። እንዲህ በያቸው፦ «ያን ቀን የነገሩኝን አየሁት። ሰምዋንም ሰምበዲም ልክ ናቸው፤ በደብዳቤ ላይ ግን ሰምዋን ይበዛል። ቢሯችን አንድ ወጥ እንዲሆን ከፈለጉ ሁላችንም በደብዳቤ ሰምዋን እንጻፍ። ሌላ ጊዜ የሚታረም ነገር ካገኙብኝ ደግሞ ለብቻዬ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል፤ ሰው ፊት ሲሆን እደነግጣለሁ።» ይሄ እውነት ነው፣ አክብሮትም አለው፣ ልክ የነበሩበትንም ነገር ሰጥተሻቸዋል። ብዙ አለቃ እንዲህ ሲነገረው ይሰማል።

«ሰምበዲ አይጻፍም ብያለሁ» ብለው ከጸኑም ሰምዋን ጻፊላቸው። ምንም አትጎጂም፤ ዓረፍተ ነገሩም አይበላሽም። የቢሮ ምርጫ ነው፤ አለቃ የቢሮውን ምርጫ መወሰን ይችላል። ግን አንድ ቀን «ማንም አልመጣም» የሚለውን ኢሜይልሽን አይተው «ኖበዲ ዲድንት ካም» ብለሽ አስተካክዪ ካሉሽ፣ እዚያ ላይ እሺ አትበዪ። የጅቡቲ የመንግሥት ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዓረብኛ ናቸው፤ ለወኪሉም እንግሊዝኛ የተማረው ቋንቋ ነው እንጂ አፉን የፈታበት አይደለም። ፈረንሳይኛ ደግሞ እንደኛው በ«ማንም» ላይ ግሱንም አሉታ ያደርጋል። ስለዚህ አንዱ ወኪል ያሰብሽውን ይረዳልሽ ይሆናል፣ ሌላው ግን በትምህርት ቤት እንደተማረው አንብቦ ሁሉም መጥቷል ብሎ መኪናውን ይለቃል። በትሕትና «ይሄኛው ትርጉሙን ይገለብጠዋል» በያቸውና «ኖበዲ ኬም» ብለሽ ላኪው።